ክርክር፦ የደሃ ደሃን የሚለየው መጠይቁ ነው ወይስ ጎረቤቱ?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የጤና መድን መዋጮ መንግሥት የሚከፍልላቸው «የደሃ ደሃ» ቤተሰቦች ስም ተለጥፎ ነበር። ከሰሌዳው ሥር የነበረውን ጭቅጭቅ ያየ አይቶታል። «ሦስት ክፍል እያከራየች እንዴት ገባች?» የሚል ነበር፤ «እኔ ልጆቼን በሻይና በዳቦ እያሳደርሁ እንዴት ቀረሁ?» ብላ ያለቀሰችም ነበረች። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሐዋሳን በመሰለ ከተማ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ድህነት በምን ይለካ? የሰው ስም አይነሳ።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦ ለእኔ ነገሩ ያለቀ ነው። አገሪቱ መስመር አላት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት የድህነት መስመሩ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ የምግብ ነው፤ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ተተምኖ የተገኘ። ልጅ እንደ አዋቂ ሙሉ አይቆጠርም፤ በዕድሜው ይመዘናል። በዚህ ስሌት ከመስመሩ በታች የሆነው ሕዝብ 23.5 በመቶ፣ በከተማ 14.8 በመቶ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር። ለውጡን ያወቅነው ስለለካን ነው። ጎረቤት ግን የሚመሰክረው ለወደደው ነው፤ አርባ ዓመት በሠፈር ስብሰባ ተቀምጬ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ባለ ሱቅ ከአቶቴ፦ ጋሼ መምህር፣ ሒሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ በሒሳብ አልከራከርዎትም። ግን ያንን 7,184 ብር ለዓመቱ ቀናት አካፈልሁት፤ በቀን 20 ብር አይሞላም። በዚህ ብር ዛሬ ከሱቄ ምን ይዘው እንደሚወጡ እርስዎም ያውቁታል።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦ ልጄ፣ እሱ በታኅሣሥ 2008 ዋጋ የተተመነ ነው። የዛሬውን ዋጋ አስገቢበት። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የቀን መስመሩን ከ2.15 ወደ 3 ዶላር አሳድጎታል። ቁና አረጀ ተብሎ እህል ሳይሰፈር አይቀርም፤ ቁናው ይታደሳል እንጂ።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ እንዲህ ያለውን መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬአለሁና ጥቂት ልበል። መምህር የጠቀሱት ጥናት ለመላው አገሪቱ ናሙና የወሰደው ከ30 ሺህ ገደማ ቤተሰብ ነው። ስለ አገርና ስለ ክልል ይናገራል፤ ቀበሌን ግን አያውቅም። ከእኛ ቀበሌ ጥቂት ቤት ደርሶት ይሆናል፤ ወይም ምንም አልደረሰውም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ የ1999ኙ ነው፤ ያኔ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ 157 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ ታቦር ላይ ወጥቶ ወደ ታች የተመለከተ ሰው የቤቱን ጣሪያ ቆጥሮ አይጨርሰውም። በአሮጌ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ናሙና አዲስ የተሠሩትን መንደሮች በቀላሉ ይስታቸዋል።

ግን የእኔ ትልቁ ቅሬታ ይህ አይደለም። አንድ ጊዜ አሞራ ገደል ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ጠየቅሁ። እጇ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ ነበር፤ በክርኗ ወንበር ገፋ አድርጋ «ተቀመጭ» አለችኝ። «በወር ስንት ታገኛለሽ?» አልኋት። «በየትኛው ወር?» አለችኝ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ረዳት ትቀጥራለች። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ።) ፋሲካ ሲያልፍ ሰው ወደ ሥጋው ይመለሳል፤ ረዳቷን ታሰናብታለች። የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ተበድራ ትኖራለች። የእኔ ወረቀት ለወር ገቢ ያላት አንዲት ሣጥን ብቻ ናት። ደምሬ ለ12 አካፍዬ ጻፍሁ። የጻፍሁት አማካይ ያቺ ሴት በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልኖረችው ኑሮ ነው።

ባለ ባጃጅ፦ የእኔም ታሪክ እንዲሁ ነው። በራችን ላይ ባጃጅ ቆሞ ያየ ሁሉ ሀብታም ይለኛል። ባጃጁ የእኔ አይደለም፤ ሠራሁም አልሠራሁም ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠውን ሒሳብ እሰጣለሁ። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ የዋልሁ ቀን ለቤቴ የሚተርፍ የለም። ዛሬ ድሃ ነህ ወይ ብትሉኝ አይደለሁም። አንድ ልጅ ቢታመምብኝ ግን በማግስቱ ነኝ። ይህንን የሚጠይቅ መጠይቅ አለ?

የዕድር ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ የለም! እኔ በልየታ ኮሚቴ ተቀምጬ አውቃለሁ። የከተሞች ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳም አዳማም ነበሩበት። አመራረጡ መጀመሪያ የድህነቱን አካባቢ መለየት፣ ቀጥሎ የሠፈሩ ኮሚቴ ቤተሰቦችን መምረጥ፣ በመጨረሻ በነጥብ ማጣራት ነው። ነጥቡ ገቢን አይጠይቅም፤ ገቢውን ማንም እውነቱን አይናገርማ። የቤቱን ግድግዳ፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤት ዕቃውን ቆጥሮ ከእነዚህ ኑሮውን ይገምታል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ታዲያ ቆጣሪዎቹ እንደሚመጡ የተሰማ ዕለት ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ። ምስኪኑ ሰው በድንጋጤ የርቀት መቆጣጠሪያውን አልጋው ላይ ረስቶታል። በሌላ በኩል ባሏ የሞተባት እናት፣ በደኅናው ዘመን የተገዛ ባዶ ፍሪጅ ስላላት ነጥቧ ከፍ ብሎ ወደቀች። ፍሪጁን የልጆቿን ልብስ ታስቀምጥበት ነበር።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ የዕድር መዝገብ ይታይ። መዋጮ ሁለት ወር ያሳለፈ፣ ሦስተኛውን በቅጣት የከፈለ፣ አራተኛውን ያቋረጠ ሰው ኑሮው እየተንሸራተተ ነው። ሰው ሁሉን ትቶ የመጨረሻ የሚያቋርጠው ዕድሩን ነው፤ ቀባሪ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ይህንን በየወሩ እናያለን። የአገር ጥናት እስኪመጣ ዓመታት እንጠብቃለን።

የፓርክ ሠራተኛ፦ ጋሼ ጸሐፊ፣ እኔ ዕድር የለኝም። አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ሁለታችን የቀን፣ ሁለታችን የማታ ፈረቃ ስለምንገባ ፍራሹ አይቀዘቅዝም። የቀበሌ መታወቂያ ያላት ከአራታችን አንዷ ናት። የእርስዎ መዝገብ እኛን አያውቀንም፤ ኮሚቴውም አያውቀንም፤ አከራያችን እንኳ ስማችንን የሚያስታውሰው ወር ሲሞላ ነው። መጠይቁ ቢመጣስ እንዴት ሊጽፈን ነው? አንድ ቤተሰብ ነን ወይስ አራት? የምንበላው አብረን ነው፤ ደመወዛችን ግን ለየብቻ ወደ እናቶቻችን ይሄዳል። አሜሪካ አጎዋን፣ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የመሸጡን ዕድል፣ ከኢትዮጵያ ስትከለክል፣ በ2014 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ብዙ ልጆች ከሥራ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያኔ በሐዋሳ ሥራ አጥ ተብለው አልተቆጠሩም፤ ምክንያቱም ሐዋሳ ውስጥ የሉም። በሄዱበትም ገጠር ገበሬ ተባሉ።

ባለ ሱቅ ከአቶቴ፦ እህቴ፣ ይህንን የተናገርሽው ደግ አደረግሽ። እኔም ለጸሐፊው ልለው የነበረው ይህንኑ ነው። ዕድር የሚያየው ከነበረው የወረደውን ነው። ከመጀመሪያውም ያልነበረውን አያየውም።

ነርስ በጤና ጣቢያ፦ ገንዘብ ገንዘብ ብቻ አትበሉ። ዘርፈ ብዙ የሚባል የድህነት መለኪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያወጡት። ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ሁኔታ ብሎ አሥር ነገሮችን ይጠይቃል። ከአሥሩ ክብደት ሲሶውን ያጣ ድሃ ይባላል። በከሰል የሚያበስል ያጣ ነው። መጸዳጃውን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋራም ያጣ ነው፣ መጸዳጃው ንጹሕ ቢሆንም። በእኔ ግቢ ስድስት ተከራይ በአንድ መጸዳጃ ነው የሚጠቀመው። ጠዋት የሚጠብቀውን ሰልፍ ያየ ይህ መለኪያ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦ እስቲ እናስላው። ስድስቱ የኑሮ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። ከሰልና የጋራ መጸዳጃ ሁለት አሥራ ስምንተኛ። በቤቱ ስድስት ዓመት የተማረ ሰው ከሌለ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ሦስት አሥራ ስምንተኛ ይጨመራል። ድምሩ አምስት አሥራ ስምንተኛ፣ 27.8 በመቶ ነው። መቁረጫው 33.3 ስለሆነ ይህ ቤት ድሃ አይባልም።

ነርስ በጤና ጣቢያ፦ እሰየው መምህር! ግን ከ20 እስከ 33.3 ያለው «ለድህነት የተጋለጠ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ባለ ባጃጁ የጠየቀው ቦታ ይህ ነው።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ እኮ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እዚያም አልገባም።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ አሳቅኸኝ፣ ግን ልክ ነህ፤ ያም ቢሆን የሚቆጥረው ያለህን እንጂ የምትፈራውን አይደለም። ወደዚያ የቀረበው የምግብና እርሻ ድርጅት ስምንት ጥያቄዎች ናቸው። ባለፉት 12 ወራት በገንዘብ ማጣት ምክንያት ምግብ አይበቃንም ብለው ተጨንቀዋል? የምግብ ዓይነት ቀንሰዋል? አንድ ማዕድ አሳልፈዋል? እያለ ይወርድና መጨረሻው «ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ያውቃሉ?» ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሆድ አይደለም፤ ስለ ጭንቀት ነው።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦ ጭንቀት በምን ይመዘናል? ከእኔ ጎረቤት ሁለት ፎቅ ሠርቶ የሚጨነቅ አለ።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ እሱ ስምንቱን ቢጠየቅ ከአንደኛው አያልፍም፤ ጥያቄዎቹ በደረጃ የተሠሩት ለዚህ ነው። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው፤ ከመልሱ በኋላ ዕርዳታ እንዳለ ከታወቀ ሁሉም ስምንቱንም «አዎ» ይላል። የአካባቢን ድህነት ለማወቅ የሚደረግ ልኬትና ለዕርዳታ ሰው ለመምረጥ የሚደረግ ልየታ በአንድ ወረቀት ላይ ከተጻፉ ሁለቱም ይበላሻሉ። ከሰሌዳው ሥር ያጣላን ይህ ይመስለኛል።

የዕድር ጸሐፊ፦ ታዲያ ስም የሌለበት ልኬት ለማን ይጠቅማል? እኔ የማውቃት ያቺን እናት ነው።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ ቀበሌው ስንት ሰው እንዲያቅፍ ኮታ ሲመጣለት፣ «የእኛ ይህን ያህል ነው፤ ኮታው አይበቃም» ብሎ የሚከራከርበት ቁጥር ያስፈልገዋል። አሁን ኮታው ከላይ ይመጣል፤ እኛ ከታች እንጣላለን። ያቺ እናት የወደቀችው በፍሪጁ ብቻ ይመስልዎታል? ቦታው ሞልቶም ነው።

ባለ ሱቅ ከአቶቴ፦ ይህ ከሆነ እኔ አንድ ነገር አለኝ። የዱቤ ደብተሬን ለማንም አላሳይም፤ የሰው ገመና ነው። ደግሞም ዱቤ የሚሰጠው ለሚታመን ነውና የባሰበት ከደብተሬ ውስጥ የለም። ግን ዘይት አለ። ድሮ ባለ አምስት ሊትር ይወስድ የነበረ ሰው ወደ አንድ ሊትር ወረደ፤ ባለ አንድ ሊትሩ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ በኩባያ ይቀዳል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የኩባያው ገዢ በዓይኔ ሲበዛ አይቻለሁ። ስም ሳልጽፍ በየቀኑ በኩባያ የቀዳውን ሰው በመስመር ብቻ ብቆጥርስ? የፓርኩ ልጆችም ያለ መታወቂያ ይቆጠራሉ።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦ አንድ ሱቅ አይበቃም። አሥር ሱቅ ካገኘሽ ድምሩን እኔ እሠራለሁ። አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ቢመጣ ሦስት ሰው እንዳይሆን ግን ምን ታደርጊያለሽ?

ባለ ሱቅ ከአቶቴ፦ በየቀኑ የሚመጣ ሰው አንድ ጊዜ ከሚመጣው ይበልጥ ተቸግሯል ጋሼ። ሦስት ጊዜ ይቆጠር።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ ጾም ከመግባቱ በፊት ጀምሪ እንጂ። በጾም ቅቤውን የተወ ሁሉ ዘይት ይገዛል፤ ቁጥርሽ ይዘልና ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት የደኸየ ይመስላል። ለማመሳከሪያ ሳሙናም ቁጠሪ፤ ሳሙና አይጾምም።

ባለ ሱቅ ከአቶቴ፦ የልብስ ሳሙናውንማ ለሁለት ቆርጬ መሸጥ ከጀመርሁ ቆየሁ።