ዶክሲሳይክሊንን ከአይረን ክኒን ጋር መውሰድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለሳንባ ምች ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ታዞልኛል፤ ለደም ማነስም አይረን እወስዳለሁ። ሁለቱን አብሬ ብውጣቸው ችግር አለው? ትናንት ማታ ካፕሱሉን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጬ ወዲያው በመተኛቴ ደረቴን መሐል ለመሐል ሲያቃጥለኝ አደረ። መድኃኒቱ የባክቴሪያን ፕሮቲን ማምረት ያስቆማል ከተባለ፣ የእኔንስ ሴሎች እንዴት አይነካም?

የመድኃኒት ባለሙያ፦ አብረው አይውሰዷቸው። አይረን፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ዶክሲሳይክሊኑን አንጀት ውስጥ አጥብቀው ስለሚይዙት ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያራርቋቸው፤ ሆኖም አይረን ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ አንጀት የሚመለሰውንም መድኃኒት ስለሚይዝ፣ ሕክምናው እስኪያልቅ አይረኑን ማቆየት ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ቢጠይቁ እመርጣለሁ። ያቃጠለዎት ካፕሱሉ የምግብ ቧንቧዎ ላይ ተጣብቆ በመሟሟቱ ሳይሆን አይቀርም። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት፣ ከዚያም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይጋደሙ። መዋጥ ካሳመመዎት ግን ሳይዘገዩ ይታዩ።

የማይክሮባዮሎጂ መምህር፦ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ፕሮቲን የሚገጣጠመው ራይቦዞም ላይ ነው። የባክቴሪያው ራይቦዞም 70ኤስ ሲሆን ከ30ኤስና ከ50ኤስ ክፍሎች ይሠራል፤ የእኛ ዋናው ራይቦዞም ግን 80ኤስ በመሆኑ መድኃኒቱ ብዙም አይነካውም። (ቁጥሩ የሚለካው ክብደትን ሳይሆን በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ (ሴንትሪፊውጅ) ውስጥ የመዝቀጥን ፍጥነት ስለሆነ የክፍሎቹ ድምር ከ70 ቢበልጥ አይደንግጡ።) ዶክሲሳይክሊን 30ኤስ ላይ ተቀምጦ አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣው አርኤንኤ ቦታውን እንዳይዝ ስለሚከለክለው የአሚኖ አሲዶቹ ሰንሰለት፣ ማለትም ፕሮቲኑ፣ መርዘሙን ያቆማል። ጄንታማይሲን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክም እዚያው 30ኤስ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን ራይቦዞሙ የፕሮቲኑን አሠራር የያዘውን መልእክት አሳስቶ እንዲያነብ ስለሚያደርግ ባክቴሪያውን ይገድላል። አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ አዲሱ ፕሮቲን የሚወጣበትን የ50ኤስ መተላለፊያ ይዘጋል። የሴሎቻችን ኃይል አመንጪ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ግን የባክቴሪያን የሚመስል ራይቦዞም ስላለው ጥበቃው ፍጹም አይደለም፤ ሊኔዞሊድ የተባለው አንቲባዮቲክ ከ2 ሳምንት በላይ ሲወሰድ የደም ሴሎች ቁጥር በየጊዜው የሚመረመረው በዚህ የተነሣ ነው።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ትኩሳቱ ስለለቀቀኝ ነገ ላቆመው አስቤ ነበር፤ ይቻላል?

ነርስ፦ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። ዶክሲሳይክሊን በአብዛኛው ባክቴሪያውን እንዳይራባ ይገታዋል እንጂ አይገድለውም፤ የሚያጠፋው የሰውነትዎ መከላከያ ነው። መድኃኒቱ ቀድሞ ከተቋረጠ የተረፉት ባክቴሪያዎች እንደገና ፕሮቲን ማምረት ይጀምራሉ። የመውሰጃው ሰዓት ካለፈዎት ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት፣ ሁለቱን ደርበው አይዋጡ።