ልጄ ስለ አዳም ጉድስ በክፍል ሊናገር ነው፤ ፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) የምታውቁ እርዱኝ

የሁለት ልጆች እናት፣ ሜልበርን፦
ሰላም እህት ወንድሞቼ። የ5ኛ ክፍል ልጄ ስለ ጉድስ ለ5 ደቂቃ እንዲናገር ታዟል። ያገኘው ጽሑፍ ሁሉ ተመልካች በሜዳ በተቃውሞ ስለ ጮኸበት ነው። ሰውየው በጨዋታው ምን ያህል ነበር? ጩኸቱንስ ልጅ እንዴት ይናገረው?

የናቲ አባት፦
እህቴ፣ ከኳሱ ይጀምር! ጉድስ የአቦሪጅን (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ልጅ ነው፤ በ1980 ደቡብ አውስትራሊያ ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከ1999 እስከ 2015 ለሲድኒ ስዋንስ ክለብ 372 ጨዋታ ተጫውቶ 464 ጎል አግብቷል። በ2005 እና በ2012 ዋንጫ አነሳ። የ2005ቱ ዋንጫ ክለቡ ከ1933 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያው ነበር። በ2012ቱ ፍጻሜ ደግሞ ጉልበቱ ቢጎዳም አልወጣም፤ በመጨረሻው ሩብ (ጨዋታው አራት ሩብ አለው) ጎል አገባ። ይህችን እንዳይዘላት፣ ልጆቹ ጆሯቸውን የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው።

ስዋንስ ደጋፊ፦
ብራውንሎው ሜዳሊያስ? ዳኞች በየጨዋታው ለሦስት ምርጥ ተጫዋቾች 3፣ 2፣ 1 ድምፅ ይሰጣሉ፤ በዓመቱ ድምር የበለጠ ይሸለማል። ጉድስ በ2003 ከሌሎች ሁለት ጋር ተጋራው፣ በ2006 ለብቻው ወሰደው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ለምን ጮኹበት?» ብለው ቢጠይቁትስ?

መምህርት ከፉትስክሬይ፦
እውነቱን ይናገር፣ የእኔ ልመና ይህ ነው። በ2013 አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከተመልካች መሀል ከዝንጀሮ ጋር አመሳስላ ሰደበችው። እሱ ግን በማግስቱ ልጅቷን አትውቀሷት፣ ደግፏት አለ። በ2014 «የዓመቱ አውስትራሊያዊ» የሚባለውን አገራዊ ሽልማት አግኝቶ ስለ ዘረኝነት በግልጽ ሲናገር ጩኸቱ ባሰ፤ በ2015 በየሜዳው ኳስ በነካ ቁጥር ይጮኹበት ነበር። በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ። አንዳንዱ «አጨዋወቱን ስለማንወድ ነው» ይላል፤ ልጅሽ ይህን ሰበብ አይቀበል። በ2019 ሊጉና 18ቱ ክለቦች ዘረኝነቱን ባለመቃወማቸው፣ ከጎኑም ባለመቆማቸው ይቅርታ ጠይቀዋል። በ2021 የፉቲ ዝነኞች መዝገብ (Hall of Fame) ውስጥ እናስገባህ ሲሉት አልፈልግም አለ።

የናቲ አባት፦
መምህርት ልክ ናት። እኔ ብሆን 3 ደቂቃ ለጨዋታው፣ 2 ለዚህ። ከስዋንስ የቡድን ጓደኛው ከማይክል ኦሎክሊን ጋር በ2009 ያቋቋመውን፣ ለአገሬው ነባር ልጆች የትምህርት ድጋፍ የሚሰጠውን ጎ ፋውንዴሽንም ይጥቀስ።

መምህርት ከፉትስክሬይ፦
አደራ፣ የልጅቷን ስም ፈልጎ እንዳያነሳ። ስድቡንም ቃል በቃል መድገም የለበትም፤ በክፍሉ የአቦሪጅን ልጅ ሊኖር ይችላል። አስቀድመሽ መምህሩን አነጋግሪው።