ያገለገለ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ገዛሁ፣ ሲሄድ ያነክሳል፣ ምን ላድርግ?

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ያለሁት ካሰል ጀርመን ነው። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ከ30 ዓመት በላይ ሰርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ በሚቀጥለው ወር ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ እና እሱን ላስደስት ብዬ ቅዳሜ ዕለት ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ ያገለገለ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ገዛሁ። ኤችኦ የሚባለው መጠን ነው፣ 1 ለ 87። የጀርመኑ ቤአር 50 ነው፣ በያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ዝርዝሩ በጣም ያምራል፣ ቧንቧዎቹ፣ ደረጃዎቹ፣ የነጂው መስኮት ሳይቀር። ሐዲድና ኮንትሮለርም አብሮ ሰጠኝ።

ችግሩ ቤት አምጥቼ ሳስኬደው እንደ አንካሳ ነው የሚሄደው። ትንሽ ይሄዳል፣ ቀጨም ይላል፣ ይሄዳል፣ ቀጨም ይላል። በፍጥነት ሳስኬደው ብዙም አይታወቅም ግን ቀስ ሲል ጭራሽ የሚቆምበት ጊዜ አለ። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ይቀጥላል። እንዳልፈታው ፈራሁ ምክንያቱም ከጎኑ ያሉት ዘንጎች እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው። አባቴ ከመምጣቱ በፊት እንዲስተካከል ነው የምፈልገው፣ በናታችሁ የምታውቁ ተባበሩኝ።

ዮርክ ሐበሻ፦
እህቴ ደግ አደረግሽ ሳትፈቺው በመጠየቅሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር እይ፣ የባቡሩ የፊት መብራት ይሰራል? የሚሰራ ከሆነ ክፍሉን አጨልሚና ቀስ አድርገሽ አስኪጂው። ቀጨም ሲል መብራቱ አብሮ ጥፍት ካለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ማለት ነው፣ ጎማው ወይ ሐዲዱ ቆሽሿል። መብራቱ እየበራ እሱ ከቆመ ግን ኤሌክትሪኩ አለ፣ የሚይዘው ነገር ነው ያለው፣ ችግሩ መካኒካል ነው። ይሄን ሳይለዩ ነው ብዙ ሰው ደህናውን ሞተር ፈታትቶ የሚያበላሸው።

ሌላ ደግሞ አገላብጪና ሆዱን እይው። መሀል ላይ እንደ ስኪ ያለ ረጅም ብረት ካለው የሶስት ሐዲዱ ሲስተም ነው፣ በሁለት ሐዲዱ ላይ ካስቀመጥሽው ሾርት ያደርጋል። ያንቺ መሄዱ ስለሆነ አይመስለኝም ግን አረጋግጪ። እኔ እዚህ እንግሊዝ ኦኦ የሚባለውን ነው የምሰበስበው፣ 1 ለ 76 ነው፣ ከናንተ ትንሽ ይተልቃል ሐዲዱ ግን ያው 16.5 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ዮርክ ብሔራዊው የባቡር ሙዚየም ውስጥ ማላርድ የምትባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አለች፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በሰዓት 126 ማይል የሮጠችው፣ ሄጄ አይቻት ከመጣሁ በኋላ ነው በዚህ ነገር የተያዝኩት።

አዲስ ገቢ፦
የኔም እንደዚህ ሲያደርግ ነበር፣ መኪና ዕቃ ሱቅ የሚሸጠውን የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፋሁበትና ወዲያው ለቀቀ። ሞክሪው።

ዮርክ ሐበሻ፦
@አዲስ ገቢ ወንድሜ ለጊዜው ይለቃል፣ ግን እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ስፕሬዩ ሁሉ ቦታ ይገባል፣ ሞተሩ ውስጥ ካርቦኑ ጋ ይደርሳል፣ ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ አቧራውን ሰብስቦ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፣ አንዳንዱ ፕላስቲክና ቀለምም ይበላል። ለነዚህ ባቡሮች ፕላስቲክ የማይጎዳ ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ፣ እሱም አክስሉ የሚዞርበት ቦታ ላይ ብቻ። ጥርሶቹ ላይ ደግሞ ትንሽ ግራሶ። ከበዛ ይልቅ ያነሰ ይሻላል።

የለገሃር ሰው፦
ሰላም የከዚራዋ። አንድ ነገር ለኪልኝ። ቀጨም የሚለው በስንት በስንት ሳንቲሜትር ነው? ማስመሪያ ሐዲዱ አጠገብ አስቀምጪና በጣም ቀስ አድርገሽ እያስኬድሽ ምልክት አድርጊ።

ለምን መሰለሽ፣ የእውነተኛው ቤአር 50 ትልቁ ጎማ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ከ40 ነው። ለ87 ስታካፍይው 16 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ አንድ ዙር ሲዞር 5 ሳንቲሜትር ይሄዳል። የኋላው ቴንደር፣ ማለቴ ከሰልና ውሃ የሚይዘው ጋሪ፣ ጎማው 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሞዴሉ አንድ ዙሩ 3.6 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በየ5 ሳንቲሜትሩ ከሆነ የሚያነክሰው የፊቱ ጎማና ዘንግ ነው፣ በየ3.6 ከሆነ ቴንደሩ ነው፣ ርቀቱ ዝብርቅርቅ ካለ ደግሞ ቆሻሻ ነው። ሞተሩ የት እንዳለም ንገሪኝ፣ ብዙ ቤአር 50 ሞዴሎች ሞተራቸው ቴንደሩ ውስጥ ነው፣ የፊቱ በሱ እየተገፋ ብቻ ነው የሚሄደው።

የከዚራ ልጅ፦
እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ሁሉንም ሞከርኩት። ሆዱ ላይ ስኪ የለውም። መብራቱ አይጠፋም፣ ቀጨም ሲልም እንደበራ ነው፣ መቀያየሪያው ሐዲድ (መስመሩ ለሁለት የሚከፈልበት) ላይ ሲደርስ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ርቀቱን ለካሁት፣ አስር ጊዜ ቀጨም እስኪል ቆጠርኩ 49 ሳንቲሜትር ሆነ፣ ስለዚህ 5 ሳንቲሜትር ነው! ሞተሩ እንዳልከው ቴንደሩ ውስጥ ነው። ቀርቤ ሳየው ደግሞ ቀጨም በሚልበት ሰዓት ትልልቆቹ ጎማዎች መዞር አቁመው ሐዲዱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ከዛ ድንገት ይለቁና ይዞራሉ።

የለገሃር ሰው፦
በቃ ደርሰንበታል። ሞተሩን ለጊዜው እርሺው፣ ቴንደሩን ከፊቱ ለያዪው፣ አብዛኛው በአንዲት ብሎን ወይ በመንጠቆ ነው የተያያዘው፣ በመሀል የሚያልፍ ሽቦ ካለ ግን እንዳትጎትቺው። ከዛ ሎኮሞቲቩን ብቻውን መስታወት ላይ አስቀምጪና በአንድ ጣት በጣም ቀስ አድርገሽ ግፊው። ሁሌም ከከበደ የደረቀ ግራሶ ነው። ደህና ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከያዘ ዘንግ ተጣሟል፣ ወይ ዘንጉን የያዘችው ብሎን ጠብቃለች፣ ወይም ደግሞ ጎማው አክስሉ ላይ ዞሯል።

የመጨረሻውን ላስረዳሽ፣ የግራና የቀኝ ጎማ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ አይደሉም፣ ዘንጉ የተያያዘበት ነጥብ በግራው ጎማ ወደ ላይ ሲሆን የቀኙ ሩብ ዙር ይቀድማል ወይ ይዘገያል፣ 90 ዲግሪ። በእውነተኛውም እንዲሁ ነው፣ ሁለቱም ፒስተን አንድ ላይ ጫፍ ላይ ከደረሱ ባቡሩ ከቆመበት መነሳት አይችልም። ከአምስቱ አክስል አንዱ ትንሽ ከዞረ ዘንጎቹ ይታገላሉ፣ ያ ከሆነ ራስሽ አትንኪው ለሚያውቅ ሰው ስጪው። ሌላው ግን ቤት የሚሰራ ነው።

ዴንቨር ነኝ፦
ይቅርታ በመሀል ልግባ ጥያቄዬ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ቢግ ቦይ የሚባለው ግዙፉ የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል አለኝ ኤችኦ፣ እዚህ አጠገባችን ቻየን ዋዮሚንግ እ.ኤ.አ. 2019 ታድሶ የወጣውን እውነተኛውን ቢግ ቦይ፣ ቁጥር 4014፣ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው የገዛሁት። እውነተኛው ከነቴንደሩ 40 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ ራሱ 46 ሳንቲሜትር ይሆናል። ለገና አዲስ አበባ ይዤው ልሄድ ነው፣ እህቴ ቤት ሳሎን ላይ ላስኬደው። ኮንትሮለሩን ከነትራንስፎርመሩ ብወስደው ችግር አለው?

የለገሃር ሰው፦
@ዴንቨር አለው ወንድሜ። ትራንስፎርመሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ ካለ የኛ 220 ላይ እንደሰካኸው ይቃጠላል፣ ባቡሩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃሃል። ካልሆነ እዚህ 220ውን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይሸጣል፣ ዋት የሚችለውን አይተህ ግዛ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ መብራት ሲሄድ ወዲያው ንቀለው። ስለ ሐዲዱም አስብበት፣ ቢግ ቦይ ጠባብ ኩርባ ላይ ፊቱ ወደ ውጭ በጣም ይወጣል፣ አጠገቡ ያለውን ብርጭቆም ሆነ ስኒ ገፍቶ ይጥላል። አምራቹ የጻፈው ትንሹ ኩርባ ስንት እንደሆነ ሳታይ ሐዲድ አትግዛ።

ዴንቨር ነኝ፦
አየሁት 120 ብቻ ነው የሚለው። ተረፍኩ። እግዜር ይስጥልኝ።

የከዚራ ልጅ፦
ተገኘ!! መስታወቱ ላይ ስገፋው አንድ ቦታ ላይ ይይዛል፣ ግን የቱ ጋ እንደሆነ ማየት አልቻልኩም፣ አምስት ጎማ በግራ አምስት በቀኝ ያ ሁሉ ዘንግ። አባቴን ደወልኩለት፣ ሰርፕራይዙ ቀረ በቃ። ስልክ ላይ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «መሀለኛው ጎማ ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርጊ፣ ሲይዝ ነጥቧ ላይ ናት ታች ናት ፊት ናት እያልሽ ንገሪኝ።» ግራውን አደረግኩ፣ ነጥቧ ሁሌም ወደ ፊት ስትሆን ነው የሚይዘው። ከዛ በስልኬ ካሜራ አቅርቤ ሳየው፣ መሀለኛው ጎማ ላይ ከትልቁ ዘንግ በላይ የተሰካች ጥፍር የምታክል ትንሽዬ ክንድ አለች፣ ቫልቩን የምታንቀሳቅሰው ይለኛል አባቴ፣ እሷ ወደ ውስጥ ተጣማ አጠገቧ ያለው ዘንግ ራስ ላይ በየዙሩ ትጋጫለች። የተፋጨበት ቦታ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ያበራል፣ የጸጉር ያህል መስመር ናት።

ፒንሳው እንዳይቧጭራት ጫፉን በፕላስተር ጠቀለልኩና በጣም ቀስ ብዬ ወደ ውጭ መለስኳት፣ ትንሽ፣ ከዛ እገፋና አያለሁ፣ እንደገና ትንሽ። በሶስተኛው ለቀቀች። አሁን መስታወቱ ላይ እፍ ብትሉት ይሄዳል። አባቴ ስልኩን ሐዲዱ ጋ አስጠጊው ብሎኝ ድምፁን ሲሰማ ነበር።

የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። መቀያየሪያው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ፣ እና ሶስት ፉርጎ ስጎትትበት የቴንደሩ ጎማ እዛው ይሽከረከራል አይጎትትም።

ዮርክ ሐበሻ፦
እንኳን ደስ አለሽ! አባትሽ ጎበዝ መካኒክ ናቸው ጤና ይስጥልን።

ብልጭታው ቆሻሻ ነው። ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ አይሶፕሮፒል አልኮል አርከፍክፊ፣ ሐዲዱ ላይ አልብሺው፣ የፊቱ ባዶ ሐዲድ ላይ ሆኖ ቴንደሩን ወረቀቱ ላይ ያዢውና ኤሌክትሪክ ስጪው፣ ጎማው ሲዞር ወረቀቱ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ያወጣል። ወረቀቱን እያንቀሳቀስሽ ነጭ እስኪሆን። የማይዞሩትን ጎማዎች በጆሮ ጥጥ። ሐዲዱንም በጨርቅና በዛው አልኮል ጥረጊ፣ ብርጭቆ ወረቀት ግን በጭራሽ፣ ጭረቱ ውስጥ ነው በኋላ ቆሻሻው የሚቀመጠው። አልኮሉ እስኪተን መስኮት ክፈቺ፣ ሳይደርቅ አታስኪጂ።

አለመጎተቱ ደግሞ ከቴንደሩ ጎማዎች አንዳንዶቹ ላይ ስስ የላስቲክ ቀለበት አለ፣ ሐዲዱን ቆንጥጦ እንዲይዝ። ሲያረጅ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል ወይ ዘይት ይነካውና ይሙለጨለጫል። አሮጌውን በስቴኪኒ አውጪ፣ ጉድጓዱን በአልኮል አጽጂ፣ አዲሱን በወረንጦ አልብሺ። ሲገዛ በባቡሩ ሞዴል ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ አለ፣ ልኩ ካልሆነ ባቡሩ ይወዛወዛል።

የከዚራ ልጅ፦
እሺ ነገ አደርገዋለሁ። አባቴ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ መልስ አጣሁ። «ይሄ የጀርመን ነው፣ የኛው የለም ወይ?» አለኝ። በኛው መስመር ልክ መስራት ይቻላል?

የለገሃር ሰው፦
ይቻላል፣ እኔ ራሴ ጀምሬዋለሁ። የኛ የድሮው መስመር ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ነበር፣ የጀርመኑ 1435 ሚሊሜትር ነው፣ ለዛ ነው በ16.5 ሐዲድ ላይ ስታዪው ሰፍቶ ልክ የማይመስለው። በዛው 1 ለ 87 የሜትር ሐዲድ ሲሰራ 12 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ኤችኦኤም ይሉታል፣ የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮች የሜትር ስለሆኑ ሐዲዱም መቀያየሪያውም ለነሱ ተብሎ በብዛት ይሸጣል። ሐዲዱን ከዛ ትገዣለሽ፣ ሕንጻውን በካርቶን ትሰሪያለሽ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ ከጅቡቲ 784 ኪሎሜትር፣ ሁሉን ልስራ ካልሽ ዕድሜ አይበቃም፣ እኔ የያዝኩት የድሬዳዋን ጣቢያ ብቻ ነው።

እና አንድ ልመና አለኝ። አባትሽ ሲመጡ ወርክሾፑ ውስጥ ሐዲዱ እንዴት እንደሚገባ፣ ስንት መስመር እንደነበር፣ ክሬኑ በየት በኩል እንደቆመ በእጃቸው ወረቀት ላይ እንዲስሉልሽ ጠይቂልኝ። ፎቶ ላይ ውጩን ብቻ ነው የማገኘው፣ ውስጡን የሚያውቁት የሰሩበት ሰዎች ናቸው።

የከዚራ ልጅ፦
አሁኑኑ ደውዬ ነገርኩት። «እስክመጣ ለምን ይጠብቃል» ብሎ ወረቀት አምጡ ሲል ሰማሁት። ነገ የወንድሜ ልጅ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ እዚሁ አስቀምጥልሃለሁ።