«ቁጥር አያዳላም» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

ባለ እንዶዱ፦
አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕክምና ተመራማሪው ያወጣውን የደስታ መግለጫ አንብቤ መናደዴን አልደብቅም። የምሁሩ ኤች-ኢንዴክስ (የጽሑፎቻቸው ተጠቃሽነት መለኪያ) እና የሳይቴሽን ብዛት፣ ማለትም ሌሎች ጽሑፎች ሥራቸውን የጠቀሱበት ቁጥር፣ በትልልቅ ፊደል ሰፍሯል፤ የሚያጠኑት በሽታ ግን በስሙ እንኳ አልተነሣም። አንድ አስተያየት ሰጪም «ቁጥር አያዳላም» ብለው ነገሩን ዘጉት። የጽሑፎቹን ዝርዝር ስመለከት፣ አብዛኛውን ሳይቴሽን ያስገኙት ሲያትል ከሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመሩትና ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የሚወጡት የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናቶች ሆነው አገኘኋቸው፤ በእነዚህ ላይ የሚሰፍሩት ደራስያን በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ናቸው። እድርተኛው ሁሉ የፈረመበትን ደብዳቤ አንድ ሰው ለብቻው «የእኔ» ሊለው ነው?

ሚዛን፦
«ቁጥር አያዳላም» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ከቃሌ አልመለስም። የፊዚክስ ሊቁ ሆርጌ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረበው መለኪያ፣ የአንድ ሰው ኤች-ኢንዴክስ 20 ነው ሲባል እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ይህ አማላጅ አይፈልግም፣ ዘመድም አይጠይቅም። ፊት እየታየ ማዕረግ ሲታደል የኖረበትን ዘመን ረሳችሁት እንዴ? እድር ያሉትን በተመለከተም፣ መረጃውን የሚያቀርብና የሚያርም የአገር ሰው ባይኖር በጥናቶቹ ውስጥ የአገራችን ድርሻ በሩቅ ግምት ብቻ ይሞላ ነበር።

ላብራቶሪ ጓዳ፦
የማያዳላው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ቢነግሩን መልካም ነበር። ሳይቴሽን የሚቆጥሩት የመረጃ ቋቶች፣ ጉግል ስኮላር፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ለአንዱ ሰው ሦስት የተለያየ ኤች-ኢንዴክስ ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ የጉግሉ ይበልጣል። መግለጫው የያዘው የትኛውን እንደሆነ ልብ ይሏል። ቁጥሩ ባያዳላ፣ ቁጥር መራጩ አዳልቷል።

ባለ እንዶዱ፦
እኔ ደግሞ እንግሊዛዊውን ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድን ላስታውስዎ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት ላይ ያወጣው፣ የኩፍኝን፣ የጆሮ ደግፍንና የሩቤላን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ሆኖም እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፣ አብዛኛው ጠቃሽም የጠቀሰው ሊነቅፈው ነው። ቁጥርዎ ነቃፊውንም አመስጋኙንም እኩል አንድ ብሎ ይቆጥራል። በእርግጥም አያዳላም!

ሚዛን፦
አንድ አጭበርባሪ ስላለ ሚዛኑ ይሰበር አይባልም። ደግሞስ በቁጥር ፈንታ ምን ሊያቀርቡልን ነው?

ባለ እንዶዱ፦
ኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት አክሊሉ ለማን አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በእንዶድ እንደሚሞትም ከዚያ ተነሥተው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ቁጥር ቆጥሮላቸው አይደለም። ወንዝ ዳር ቆሞ ማስተዋል በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?

ሚዛን፦
በእርሳቸው ስም አይማሉብኝ። አክሊሉም እኮ ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ያሳተሙትን ሌሎች ባይጠቅሱት ኖሮ እንዶድ የወንዝ ዳር ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ምስክርዎ የእኔ ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ተመላላሽ ክፍል፦
ሁለታችሁም አንድ ሰው ዘንግታችኋል። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ቀን በሽተኛ ሳይ ውዬ ማታ የማዕረግ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ለወራት መረጃ ሰብስቤ፣ ጽሑፉን አንብቦ የማያውቅ አለቃ በደራሲነት ከስሜ ፊት ተሰልፎ አገኘሁት። ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት አስቀምጧል፤ አለቅነት ከአራቱ አንዱ አይደለም።

ሚዛን፦
የአለቃዎ ጥፋት የቁጥሩ ጥፋት አይደለም።

ተመላላሽ ክፍል፦
የእርሱ ኤች-ኢንዴክስ በእኔ ድካም ሲያድግ የማን ጥፋት ሊባል ነው? የማያዳላው ቁጥርዎ ለማን እንዳደረ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሚዛን፦
ስለ አንድ ምሁር ተነሥተን ስለ እርስዎ አለቃ ደረስን። የምሁሩ ገጽ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሥራቸውን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ባለ እንዶዱ፦
ስንቱን ላንብብ? ምሁሩ የመጀመሪያ ደራሲ፣ ማለትም ስማቸው ከሁሉ ፊት የሰፈረ፣ የሆኑባቸውን ጽሑፎች ብቻ ለይተው ይላኩልኝና ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

ሚዛን፦
እርስዎ ራስዎ ይለዩ፤ እኔ ጸሐፊዎ አይደለሁም።