ከተለያየ አገር የመጡ የደህንነት ምልክቶችንና ቀለሞችን በአንድ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ወጥ ማድረግ ይቻላል?

ጠያቂ (ዱከም)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ዱከም አካባቢ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሆን የሥራ ላይ ደህንነት ክፍሉን የተረከብኩት በቅርቡ ነው። ማሽኖቻችን ገሚሶቹ ከቻይና፣ ገሚሶቹ ከአውሮፓ፣ አንዱ የብረት መቁረጫ ደግሞ ከአሜሪካ የመጡ በመሆናቸው በላያቸው ያሉት ምልክቶች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ግድግዳው ላይ ደግሞ በወረቀት ታትመው የተለጠፉ ማሳሰቢያዎች አሉ፤ «ያለ ጓንት መሥራት ክልክል ነው» ከሚለው አንስቶ «ንጽሕና ይጠበቅ» እስከሚለው ድረስ ሁሉም በቀይ የተጻፉ ናቸው። ከሠራተኞቻችን መካከል አማርኛ የማያነቡ ብዙዎች ናቸው። ከየት ልጀምር?

የሱፍ አበባ፦
ሁሉም ነገር ቀይ ከሆነ ቀይ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ከወረቀቶቹ ይጀምሩ። አይኤስኦ 7010 የተባለው ዓለም አቀፍ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ ምልክቶችን በቅርጽና በቀለም ጥምረት ይከፍላቸዋል። በሰያፍ መስመር የተሰረዘ ቀይ ክብ ክልከላ ነው፤ ሰማያዊ ክብ ውስጥ ነጭ ሥዕል ካለ «ይህን የማድረግ ግዴታ አለብህ» ማለት ነው፤ ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ስለ አደጋ ያስጠነቅቃል፤ አረንጓዴ አራት ማዕዘን መውጫንና የመጀመሪያ እርዳታን፣ ቀይ አራት ማዕዘን ደግሞ የእሳት ማጥፊያን ያመለክታል። በዚህ መሠረት የጓንቱ ማሳሰቢያ ሰማያዊ ክብ ሊሆን ይገባዋል፣ የንጽሕናው ግን ከደህንነት ምልክቶች ጋር መቀላቀል የለበትም። ቅርጹ ከቀለሙ እኩል አስፈላጊ የሆነው ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች ስላሉ፣ እንዲሁም በብየዳ ጭስና በአቧራ መካከል ቀለም ስለሚደበዝዝ ነው።

የቻይና ብሔራዊ ደረጃ ከዚህ ጋር በጣም የቀረበ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርዎትም። ግራ የሚያጋባው የአሜሪካው ነው። በእነርሱ አሠራር ቀለሙ የአደጋውን ክብደት ይለካል፤ ቀይ ካልተጠነቀቁ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚዳርገውን፣ ብርቱካናማ ሊዳርግ የሚችለውን፣ ቢጫ ቀለል ያለውን ያሳያል። ስለዚህ አንዱ ዘንድ «አታድርግ» የሚለው ቀይ ሌላው ዘንድ «እጅግ አደገኛ» ማለት ይሆናል። የማሽኑን ዋና ስቲከር ሳይነቅሉ በአጠገቡ የቢጫውን ሦስት ማዕዘን ይጨምሩ።

በያጅ ነኝ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከግድግዳው ይልቅ የጋዝ ሲሊንደሩ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የኦክስጅን ሲሊንደር ትከሻው (ከአንገቱ በታች ያለው ክብ ክፍል) ነጭ፣ የአሲትሊን ደግሞ ጥቁር ቀይ ነው። በቻይና ደረጃ ግን ነጩ አሲትሊን ነው፤ ኦክስጅን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይቀባል። እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን በቆሙበት ወርክሾፕ «ነጩን አምጣልኝ» ተብሎ የተላከ ረዳት ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል አስቡት። ኦክስጅን የሌላውን ነገር ቃጠሎ የሚያፋፍም፣ አሲትሊን ደግሞ ራሱ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። በመሆኑም ሲሊንደር በቀለሙ ሳይሆን በላዩ በተጻፈው ስም ይለያል፤ ስሙ የጠፋበት ሲሊንደር ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ጋዙን ከሲሊንደሩ የሚያስተላልፉት ጎማዎች ላይ ያለው ልማድ ይበልጥ ያስተማምናል፦ በዓለም አቀፉ ደረጃ ሰማያዊው የኦክስጅን፣ ቀዩ የአሲትሊን ነው፤ የአሲትሊኑ ጎማ ዳዶም ወደ ግራ የሚጠብቅና ጠርዙ ላይ ጭረት ያለበት በመሆኑ በጨለማ እንኳ በጣት ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። አሜሪካ ሠራሽ ጎማ ካለ የኦክስጅኑ አረንጓዴ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጠያቂ (ዱከም)፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ግቢያችን ውስጥ በእርግጥም ሁለቱም ዓይነት ነጭ ሲሊንደሮች አሉ። ለጊዜው ለይተን አቁመናቸዋል። እኛው ራሳችን በአንድ ወጥ ቀለም ብንቀባቸውስ?

በያጅ ነኝ፦
በፍጹም አይቅቧቸው። ሲሊንደሩ በአብዛኛው የጋዝ አቅራቢው ንብረት ነው፤ ቀለሙን እናንተ ከቀየራችሁት ተመልሶ ሲሄድ የሚሞላው ሰው ይሳሳታል፣ ትከሻው ላይ የተቀረጸው የፍተሻ ቀንም በቀለም ሊሸፈን ይችላል። ማቆሚያ ቦታውን በሰንሰለት አጥራችሁ ለእያንዳንዱ ጋዝ የተለየ ክፍል ስጡት፤ ከክፍሉ በላይም የጋዙን ስም በትልቁ ጻፉ። ኦክስጅንን ከአሲትሊን ማራራቅ ወይም በመካከላቸው እሳት የሚቋቋም ግድግዳ ማቆም በማንኛውም መንገድ ግዴታችሁ አድርጉት።

ሰናይት፦
ስለ ቋንቋው ያነሱት ጥያቄ ስላልተመለሰ አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉ ዋናው ሆኖ ከሥሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር ጽሑፍ ይቀመጥ፤ ሆኖም ሥዕሉ ራሱ ሳይማሩት የሚገባ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደገኛነት ለሠራተኛው የማስረዳት ግዴታ ስለሚጥልበት፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በሼዱ ውስጥ አብራችሁት እየዞራችሁ በእያንዳንዱ ምልክት ፊት አቁማችሁ «ይህ ምን ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ያላገኘበትን ምልክት መዝግቡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ምልክት ካለ የተሰቀለበት ቦታ ወይም መጠኑ ይፈተሽ። የመውጫ ምልክቶችን ስትገዙ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በራሳቸው የሚያበሩትን ምረጡ፤ ጥቂት ይወደዳሉ፣ ግን የእኛ አገር መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይነግርም። ቀን ቀን በቂ ብርሃን የሚያገኙበት ቦታ ካልተሰቀሉ ግን ማታ አያበሩም።