ተዘግቶም የሚንጠባጠብ የሻወር ሚክሰር፦ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

ጥያቄ

የተከበራችሁ አባላት፣ የምኖረው አዳማ ነው። የመታጠቢያ ቤታችን የሻወር ሚክሰር እጀታው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም ይንጠባጠባል፤ ማታ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ጠዋት ብለካው 6 ሊትር ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ሚክሰሩ ባለ አንድ እጀታ ሲሆን ሙቁ ውኃ የሚመጣለት ከቦይለር ነው። አዲስ ገዝቼ ራሴ ልቀይረው አስቤ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ብዘጋውም ውኃው አልቆም አለኝ። መዝጊያው ተበላሽቶ ይሆን? ለዚህ ሥራስ ባለሙያ መጥራት ግድ ነው?

መልስ (የቧንቧ ሥራ የሚሠሩ አባል)

መዝጊያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ጣሪያዎን ይመልከቱ። ውኃ ለሚጠፋበት ቀን ብለን ታንከር የሰቀልን ሰዎች ቆጣሪውን ብንዘጋም ቤቱ ከታንከሩ መጠጣቱን አይተውምና፣ የታንከሩን መውጫ መዝጊያም አብረው ይዝጉት።

ሁለተኛ፣ አዲስ ሚክሰር ለመግዛት አይቸኩሉ። የሚንጠባጠበው ከሻወሩ ራስ ብቻ ከሆነና አካሉ ካልተሰነጠቀ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው በእጀታው ሥር በተቀመጠው ካርትሪጅ (ውኃውን በሚከፍተውና በሚዘጋው ክፍል) ላይ ነው። በውስጡ ተነባብረው የሚንሸራተቱ የሴራሚክ ክቦች ስላሉ፣ ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለልና አሸዋ ይቧጭራቸዋል። ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለባትን ክዳን በስስ ካቻቪቴ ያንሡ፣ ከሥሯ ያለውን ብሎን ይፍቱ፣ እጀታውንና ሽፋኑን አውጥተው ካርትሪጁን የያዘውን ቀለበት በመፍቻ ያላሉ። ካርትሪጆች በብዛት 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቢሆኑም የሥራቸው ቀዳዳና እግር ስለሚለያይ፣ በቃል ከመጠየቅ ይልቅ አሮጌውን ይዞ ወደ መደብር መሄድ ይሻላል። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ መቀመጫውን በጨርቅ ያጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ድካምዎ ከንቱ ነው።

መልስ (ሌላ አባል)

በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ለርካሽ ሚክሰር ልክ የሚሆን ካርትሪጅ ፍለጋ ሁለት ቀን ከተንከራተትኩ በኋላ ሙሉውን የቀየርኩ ሰው ነኝና፣ እዚያ ከደረሱ የሚከተለውን ያስታውሱ። የግድግዳ ሚክሰር መግቢያዎች ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጥቂት ልዩነት ቢኖር አብረው የሚመጡት ጠማማ ማያያዣዎች ያስተካክሉታል። ግድግዳው ውስጥ በሚገባው የማያያዣው ጥርስ ላይ ቴፍሎኑን (ውኃ እንዳያሾልክ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ጥቅል) ወደ ሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠምጥሙ፤ ካጠበቁት በኋላ ለማስተካከል ወደ ኋላ ከመለሱት ሊያንጠባጥብ ይችላልና ፈትተው እንደገና ይጠምጥሙ። ሚክሰሩን በሚይዙት ሁለት ትላልቅ ዳዶዎች ላይ ግን ቴፍሎን አያስፈልግም፤ ውኃውን የሚይዘው ጎማው ነው። ቤቱ የቆየ የብረት ቱቦ ካለው፣ ማያያዣው በዝገት ተጣብቆ እምቢ ሲል አይታገሉት። ግድግዳው ውስጥ ያለው ክርን (የቱቦው መታጠፊያ) ከተሰበረ ሴራሚኩን ማፍረስ ይመጣልና፣ ባለሙያ መጥራት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

መልስ (ሦስተኛ አባል)

ዋናው ነገር ተዘለለ። ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከማከፋፈያው ሳጥን ያጥፉ፣ ውስጡ ያለውም ውኃ እስኪበርድ ይታገሡ። ውኃው ተመልሶ ቦይለሩ መሙላቱን በሙቁ በኩል ሳይቆራረጥ ሲፈስ ሳያዩ መልሰው አያብሩት፤ ባዶውን ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገሩ እንደተባለው የታንከሩ ነበር፤ መዝጊያው ደኅና ነው። ካርትሪጁ ባለ 40 ሆኖ ተገኘ፣ ከሥሩም እንደ ጤፍ የደቀቀ አሸዋ ነበር። አሁን ሌሊቱን ያስቀመጥኩት ባልዲ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ታጥበን ከዘጋን በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጠብ ጠብ ይላል። ይህ ምንድን ነው?

መልስ (የቧንቧ ሥራ የሚሠሩት አባል)

በሻወሩ ራስና በቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ ነው። ራሱን ዘንበል አድርገው ያራግፉት፤ ከዚያ በኋላም ካላቆመ ብቻ ቀለበቱን በጥቂቱ ያጥብቁት።