እንቦጩ የት ይብሰል? የጋራ ማመልከቻችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለወረዳው ግብርና የምናስገባው ረቂቅ ደርሷችኋል። ከጣና ሐይቅ የሚወጣውን የእንቦጭ አረም ወደየማሳችን አምጥተን ኮምፖስት እናድርገው ይላል። ሐሳብ ስጡበት።

ከመራዊ፦ ሥራውን እደግፋለሁ፤ የማዳበሪያ ዋጋ ወገባችንን ሰብሮታል። “ወደየማሳችን አምጥተን” የሚለው ግን ይውጣልኝ። እንቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። መቶ ኪሎ ብንጭን ሲደርቅ አሥር አይሞላም፤ በአይሱዙ ኪራይ ውኃ ማመላለስ ነው። እሱስ ይሁን፣ ከቁራጩም ከዘሩም ይበቅላል፤ ዘሩ ደለል ውስጥ ዓመታት ይቆያል። አንድ ግንድ የቆጋ መስኖ ቦይ ውስጥ ቢወድቅ ማን ይመልሰዋል? እዚያው ሐይቁ ዳር ይብሰልና የበሰለውን እንውሰድ።

ከቁንዝላ፦ እውነትህን ነው ወንድሜ። ቦታውን እኛ እንሰጣለን፣ ሙላት የማይደርስበት ከፍታ ላይ። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይጠውልግ፣ ከዚያ በገጀራ ይከተፍ። ከእበት፣ ከጭድና ከአመድ ጋር እየተነባበረ ይከመር። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውኃ ከፈሰሰ ጭድ ጨምሩበት። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት፤ ከቀናት በኋላ ስትመዙት እጅ የሚፈጅ መሆን አለበት። ዘሩን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው፣ ከ55 ዲግሪ በላይ። የክምሩ ጠርዝ ግን አይግልም። ስለዚህ ስናገላብጥ የውጩ ወደ ውስጥ ይግባ። ይህን ሥራ ማንም እንዳይዘልለው ረቂቁ ላይ ይጻፍ።

ከባሕር ዳር ዙሪያ፦ እኔም አንድ ነገር ላክል። እንቦጭ እርሳስና ክሮሚየም ከውኃ ይመጥጣል። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት አካባቢ የሚወጣውን ሰብል ላይ አናድርገው። ከሌላውም ናሙና ላብራቶሪ ይግባ፤ ወጪው በጀቱ ውስጥ ይያዝ። ደግሞም ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብለን ቃል አንግባ። የአሲዳማ መሬታችን የኖራ ጥያቄም እንዳለ ነው።

ከመራዊ፦ ጥሩ ብለሻል እህቴ። ዓላማው አረሙን ማጥፋት መሆኑም በግልጽ ይስፈር። ኮምፖስቱ ገበያ ካገኘ እንቦጩን አቆይቶ የሚያሳድግ እንዳይመጣ።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ። አንቀጹ አሁን እንዲህ ይላል፦ “እንቦጩ ከሐይቁ ዳር ሳይርቅ ተከምሮ ይበስላል፤ ያልበሰለ ከቦታው አይወጣም።” የቀረን የጊዜ ጉዳይ ነው። አረሙ የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያኔ ከከመርነው ለግንቦት በቆሎ ይደርሳል። ግን ኅዳር የጤፍ አጨዳ ነውና ደቦውን ጥቅምት ላይ እናድርገው ባይ ነኝ። የቁንዝላዎች፣ ጥቅምት ላይ ስንት ሰው ታወጣላችሁ?